ሱሪው ላንተ ነው ወይስ አንተ ለሱሪው?



ውድ ወንድሞች! ጁምዓ ላይ ከኋላ ሰፍ የቆምን ሁሉ አይተነዋል። ሩኩዕ ሲደረግ ከፊታችን ያለው ወንድም አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፤ በሌላው ሸሚዙን ወደ ታች ይጎትታል። ሱጁድ ላይማ ዐውራው ይገለጣል። ሱሪው ርካሽ ሆኖ አይደለም። የደመወዙን ግማሽ ያፈሰሰበት «ኦሪጅናል» ቺኖ ነው!

እኛ የምንለው ግልጽ ነው፦ ስትጎነበስ የማይሸፍንህ ሱሪ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን ጥሩ ሱሪ አይደለም።

ቺኖ መነሻው የወታደር ልብስ ነው። ከጠንካራ ጥጥ ለመሮጥና ለመንበርከክ የተሰፋ ነበር። ዛሬ መንበርከክ ካስቸገረ ጥፋቱ የጨርቁ ሳይሆን የቅዱ ነው። «ፕሪሚየም» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ቅድ አያስተካክልም።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ?

ለቢሮ፦ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ። ከሸሚዝም ከኮትም ጋር ይሄዳል።

ለመንገድና ለጉዞ፦ ጭኑ ላይ ሰፋ ያለ፣ ካኪ ወይም የወይራ ቀለም፣ ጥቂት የሚለጠጥ ክር ያለው። የሚለጠጠው ክር ከበዛ ግን ጨርቁ ገላ ላይ ይጣበቃል።

ለመስጂድ፦ ወገቡ ከፍ ብሎ የሚታሰር፣ ከቁርጭምጭሚት የማይወርድ። ከረዘመ ልብስ ሰፊ በትንሽ ብር ያሳጥረዋል።

ሱቅ ውስጥ መስታወት ፊት ብቻ አትቁም። ቁጢጥ በል፤ ጎንበስ በል። ገልብጠህ ስፌቱን እይ። በእርጥብ ሶፍት ፈትገው፤ ቀለሙ ከለቀቀ እዚያው ተወው።

«ለልብስ መጨነቅ ዱንያ ነው» የሚሉም አሉ። አንስማማም። በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አያ ለሶላት እንድናጌጥ ያዘዘን አላህ፣ እዚያው አያ ላይ ከማባከን ከልክሎናል። አንዱን ይዘን ሌላውን መጣል አንችልም።

ነቢያችንም ﷺ ጥሩ ልብስ መውደድ ኩራት እንዳልሆነ አስተምረዋል። ኩራት እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ ነው። እንግዲህ ውድ ቺኖ ለብሶ በቦንዳ ሱሪ የመጣውን ወንድሙን ዝቅ አድርጎ የሚያይ፣ ልብሱን ሳይሆን ልቡን ይፈትሽ።

አላህ ውስጣችንንም ውጫችንንም ያሳምርልን። አሚን!