የፎገራን ላም ለማብዛት ኩላሊቷን ማወቅ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታ አጠገብ ሲደርስ ግራና ቀኙ ሩዝ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ የሚተኙበት ይህ ሜዳ ግን ከሩዙ በፊት ስሙ የተጠራው በከብቱ ነበር። የፎገራ ከብት ጥቁርና ነጭ ወይም ግራጫ ቡራቡሬ፣ ቀንዱ አጭር፣ ረግረግ የለመደ፣ ጠባዩ ገራም፣ ለወተትም ለእርሻም የሚሆን ነው። ግጦሹ ማሳ ሆነ፤ ከማሳ በተረፈው ላይ አሚኬላ የሚሉት እሾሃማ አረም ተስፋፋ፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ኮርማም ዝርያውን ቀላቀለው። ባሕር ዳር አቅራቢያ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ንጹሑን ዝርያ ለማቆየት መንጋ ይዞ ሲደክም ኖሯል።

ችግሩ ላም በተፈጥሮዋ ቸኩላ አለመውለዷ ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ የእርግዝና ዘመን የምታገኘው አንድ ጥጃ ነው፤ የተመረጡ ላሞች ቁጥር ጥቂት ሲሆን ደግሞ ዝርያውን በዚህ ፍጥነት ማብዛት ረጅም ዘመን ይፈጃል። መውጫው ከአንዲት ምርጥ ላም በአንድ ጊዜ ብዙ ዕንቁላል አብስሎ፣ ሽሎቹን በሌሎች ላሞች ማህፀን ማሳደር ነው። ይህን የሚያደርገው መርፌ ዕንቁላል አብሳይ የሆነው የፒቱታሪ ዕጢ ሆርሞን ነው፤ የመርፌውን ዕድሜ የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው ኩላሊት ነው። ስለዚህ ፎገራን በሽል ማዘዋወር ለማብዛት የሚያስብ ሁሉ ከማህፀኑ ቀድሞ ሆርሞኑ ከደም የሚወጣበትን መንገድ ማጥናት አለበት።

ኩላሊት ሆርሞንን እንዴት እንደሚያስተናግድ ከሁሉ በላይ ያሳየችው የላቦራቶሪ አይጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 ጆንሰንና ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጥ ኩላሊት ከዚያው ከፒቱታሪ የሚመነጨውን የዕድገት ሆርሞን እንዴት እንደሚይዝ ለክተው አሳተሙ። ሆርሞኑ 191 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። የኩላሊት ወንፊት አልቡሚንን የመሰለውን ትልቅ የደም ፕሮቲን ሲያግድ፣ ይህን ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ያለፈው ሁሉ ወደ ሽንት ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል። ከወንፊቱ ቀጥሎ ያለው ቀጭን ቱቦ ግድግዳ ሆርሞኑን ይውጠዋል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ወደ አሚኖ አሲድ ይሰባብሩታል፤ አሚኖ አሲዱም ወደ ደም ይመለሳል። በሽንት የሚወጣው ኢምንት ነው። ኩላሊት እዚህ ላይ ሆርሞን የሚፈርስበት ቤት ነው፤ ሥራውን ሲያቆም ሆርሞኑ በደም ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሁሉም ሆርሞን ግን እንዲህ ተውጦ አይቀርም። የወር አበባ የቆመባቸው ሴቶች ፒቱታሪ ዕንቁላል አብሳዩን ሆርሞን በብዛት ስለሚያመነጭ፣ ሳይፈርስ በሽንት የሚወጣውም ብዙ ነው። ጣሊያናዊው ፒዬሮ ዶኒኒ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሆርሞኑን ከእነዚህ ሴቶች ሽንት አጣርቶ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በዚሁ መድኃኒት የታከመች እናት እስራኤል ውስጥ ወለደች።

ወደ ላም ሲመጣ ጉዳዩ የሰዓት ጉዳይ ይሆናል። ዕንቁላል አብሳዩ ሆርሞን በላም ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ስለዚህ የተለመደው አሠራር ጠዋትና ማታ፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በጠቅላላው 8 መርፌ ነው። በአንጻሩ ኮልና ሃርት በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1930 ከእርጉዝ ባዝራ ደም ያገኙት፣ ኃይሉንም ለአቅመ መራባት ባልደረሱ አይጦች የፈተኑት ሆርሞን በአንድ መርፌ ይበቃል። ይህኛው ከፒቱታሪ ሳይሆን በባዝራዋ ማህፀን ውስጥ ይመነጫል። ገላው በስኳር፣ በተለይም በሲያሊክ አሲድ ስለተሸፈነ በኩላሊት ወንፊት እንደልቡ አያልፍም፤ ለቀናት በደም ውስጥ ይዞራል። ነገር ግን መቆየቱ ራሱ ጣጣ አለው። ዕንቁላሎቹ ከወጡ በኋላም እንቁልጢውን እየቀሰቀሰ የሽሉን ጥራት ያበላሻል፤ እንዲያውም ማርከሻ ፀረ-አካል እስከ መስጠት ተደርሷል።

ጉበትም ድርሻ አለው። ዕንቁላሉን ከከረጢቱ የሚያስለቅቀው የላም ሆርሞን በሰልፌት የታሸገ ስኳር ስላለበት ጉበት ለይቶ ይይዘዋል። ፎገራ ወረዳ ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዱ በነበረበት የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ፕሮጀክት፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአገራችን ላሞችን በአንድ ጊዜ ለማዳቀል የተሠራጨው ፕሮስታግላንዲን ደግሞ በአብዛኛው ሳንባ ውስጥ ይፈርሳል። እሱ ዑደቱን መቀስቀስ ብቻ ስለሚጠበቅበት አንድ መርፌ ይበቃዋል፤ የቀረውን ሥራ የላሟ የራሷ ዕጢ ይጨርሰዋል። የገበሬው ደጅ ድረስ የደረሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

8 መርፌ ግን ሌላ ነገር ነው። ክረምት ላይ ውሃ የተኛበትን ሜዳ አቋርጦ፣ ለአራት ቀን ጠዋትና ማታ እየተመላለሰ ላም አስሮ የሚወጋ ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው፤ የምትንገላታ ላምም ጥሩ ውጤት አትሰጥም። በካናዳና በአርጀንቲና የተሞከረው መላ ሆርሞኑን ሃያሉሮናን በተባለ ዝልግልግ ነገር አሟሙቶ ከሥጋ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ ማድረግ ነው። ኩላሊት የሚያፈርሰውን ያህል ከመርፌው ቦታ እየተተካ ስለሚሄድ የመርፌው ቁጥር ወደ አንድ ወይም ሁለት ይወርዳል። ለፎገራ ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበው መንገድ ይህ ይመስላል።

በቢሾፍቱ በቦረና ላሞችና በዲቃሎቻቸው ላይ በዚሁ የፒቱታሪ ሆርሞን ሽል የማብዛት ሥራ ተሠርቶ ታትሟል። የአይጥ ልክ ለላም፣ የቦረናም ልክ ለፎገራ እንዳለ አይወሰድም። የአንዳሳ መንጋ ደም በየሰዓቱ ተቀድቶ፣ ሆርሞኑ ከፎገራ ላም ደም በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ይለካ። የመርፌው መጠንና ሰዓት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ሥራውም ንጹሕ የፎገራ ላም ሳይጠፋ ዛሬውኑ ይጀመር።