በዳቦ ላይ ዳቦ

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ በሻይ ቤታችን ደጃፍ ቆሞ የተመለከተ ሰው የኛን ኑሮ ያለ አስረጅ ይረዳዋል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ምርጫው ግን አጭር ነው፦ ቦምቦሊኖ፥ ብስኩት፥ ዳቦ በሻይ፥ ለስላሳ መጠጥ። ከፍለን፥ በልተን ወደ ቤተ መጻሕፍት እንመለሳለን፤ ብዙ ሳይቆይም ከፊላችን መጽሐፉ ላይ እናንቀላፋለን፥ ከፊላችንም እንደ ገና ይርበናል። በዚህ ነገር ብዙ ተቀልዷል፤ እኛ ግን ዛሬ በቁም ነገር ልንናገርበት እንወዳለን።

እስቲ ቀኑን ከጧት ጀምረን እንቍጠረው። ቁርስ ዳቦና ሻይ፤ ምሳ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፤ ራትም የምሳው ወንድም ነው። እንጀራ የሚነቀፍ ምግብ አይደለም፤ ሽሮውና ምስሩም ገንቢ ናቸው። ነገር ግን ከሳህናችን የሚበዛው ኃይል ሰጪው ካርቦሃይድሬት መሆኑ የታወቀ ነው። ታዲያ በዳቦና በእንጀራ ለዋለ ሆድ በዐሥር ሰዓት ደግሞ ሌላ ዳቦና ስኳር የምንጨምርለት ስለ ምንድን ነው? ከኪሳችን የምንገዛው መክሰስ ሳህኑ ያጐደለውን ቢሞላ አይሻልም?

ስኳርና ነጭ ዱቄት ፈጥነው ተፈጭተው ወደ ደም ይገባሉ፤ ፕሮቲን፥ ቅባትና ፋይበር ያለበት ምግብ ግን ከጨጓራ የሚወጣው በዝግታ ስለ ሆነ ጥጋቡ ይቆያል። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የተለመደ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይኸውም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ በምግብና በመጠጥ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፥ ቢቻልም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። 5 በመቶው ለአንድ ጐልማሳ 25 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ይህን አለፈ፤ የሻዩ ስኳር ገና አልተቈጠረም።

ምን እንብላ ለሚሉን መልስ አለን። አንድ የተቀቀለ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው ካርቦሃይድሬቱ 1 ግራም አይሞላም። አንድ እፍኝ፥ ማለት 30 ግራም ያህል ኦቾሎኒ፥ 7 ግራም ያህል ፕሮቲንና 5 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። የዱባ ፍሬ፥ ስኳር ያልገባበት እርጎና አቮካዶም ከዚሁ ወገን ናቸው። ቆሎ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፦ የገብሱ ቆሎ ከመቶው ሰባ እጅ ያህል ካርቦሃይድሬት ነው፤ የሽምብራው ከዚያ ያነሰ ሆኖ ፕሮቲኑ የገብሱን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ቆሎ ሻጯን ሽምብራና ኦቾሎኒ እንድታበዛልን እንለምናት። በጾም ቀን እንቁላሉና እርጎው ቢቀሩ እነዚህ አይቀሩም። የሻገተ ኦቾሎኒ ግን አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጐዳ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል መጣል ነው። ደግሞም ኦቾሎኒ ቅባቱ ብዙ ስለ ሆነ እፍኝ ይበቃል።

ይህን ስንል ካርቦሃይድሬት ይጥፋ ማለታችን አይደለም። አንጐላችን የሚሠራው በግሉኮስ ነው፤ ከኳስ ሜዳ ለሚመለስ ጓደኛችንም ሙዝ ይገባዋል። የስኳር ሕመም ያለባቸው፥ ይልቁንም ኢንሱሊን የሚወስዱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አመጋገባቸውን አይለውጡ።

«ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። እንቁላል ለብዙዎቻችን የየዕለት ነገር አይደለም። ነገር ግን አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። በአንድ መኝታ ክፍል የምናድር ጓደኞች የለስላሳውንና የብስኩቱን ገንዘብ ለአንድ ሳምንት ብናዋጣ ኦቾሎኒውንና ሽምብራውን ከገበያ በኪሎ መግዛት እንችላለን።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ በተማሪው ጫንቃ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ሻይ ቤቱ ያልሸጠውን ልንገዛ አንችልምና። ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር ይጠይቅልን። አንደኛ፥ ከቦምቦሊኖው አጠገብ የተቀቀለ እንቁላል፥ ኦቾሎኒና ሽምብራ ይሸጥ። ሁለተኛ፥ ሻይ ያለ ስኳር ይቅረብና ስኳሩን ጠጪው ራሱ ይጨምር። ሦስተኛ፥ ውሃ የጠማው ተማሪ ለስላሳ ለመግዛት እንዳይገደድ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ በነጻ ይገኝ።

ይህ ለታላቅ ተቋም ትንሽ ጥያቄ ነው የሚል ቢኖር፥ ትንሽ ከሆነ በዚህ ሳምንት ይፈጸምልን እንለዋለን።