የቤት ሻጭ እልኸኝነትና የደላላ አደራ

በግዳን ወረዳ ርእሰ ከተማ በሙጃም ሆነ በላሊበላ፣ ቤቱን ሊሸጥ ቆርጦ ተነሥቶ ሳለ ገዢ በመጣ ቍጥር ዋጋ የሚጨምረውን፣ የይዞታ ማረጋገጫውን ከሣጥን አውጥቶ መልሶ የሚቈልፈውን ሻጭ «አስቸጋሪ» ብሎ ማማት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን የእልኹን መንሥኤ መመርመር የደላላው ቀዳሚ ተግባር ነው እላለሁ።

ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ የከተማ ቦታ የመንግሥት በመሆኑ፣ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ስለ ደነገገ፣ ሻጩ የሚያስተላልፈው በላቡ ያቆመውን የጭቃ ግድግዳና የቈርቈሮ ክዳን በቦታው ከመጠቀም መብቱ ጋር ነው፤ ይህን ከለቀቀ በኋላ ሌላ ቦታ በቀላሉ እንደማያገኝ ያውቃልና ይፈራል። አንዳንድ ጊዜም ፈቃዷ የግድ የሆነ ሚስት ወይም ድርሻ ያላቸው ወራሾች አልተስማሙ ይሆናል።

ስለዚህ ደላላው የሻጩን ዋጋ ከገዢ ሰውሮ በልዩነቱ ከመክበር ይልቅ፣ በቅርቡ የተሸጡትን የአካባቢውን ቤቶች እውነተኛ ዋጋ ያለ ሐሰት ይንገረው፤ ባለድርሻዎቹን አስቀድሞ ያሰባስብ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1723ኛው አንቀጽ ያዘዘውን የጽሑፍ ውልና ምዝገባም በቃልና በቀብድ አይተካ። በትዕግሥትና በሕሊና የተፈጸመ ውል ሁለት ቤተ ሰብ ከፍርድ ቤት ደጅ ጥናት ያድናልና፣ ደላላ ስለ ኮሚሽን ብሎ ሻጩን ሊያቻኵለውም ሊዋሸውም አይገባም።