«ፀጉር ነው፣ ይበቅላል» እያላችሁ ወሬውን አትዝጉት

በአገራችን ለካንሰር ታማሚ ከሚባለው ነገር ሁሉ እንዲህ የተለመደ የለም፦ «አይዞሽ፣ ፀጉር እኮ ነው፣ ይበቅላል!» ሐኪሙ ይለዋል፣ ነርሷ ትለዋለች፣ ጠያቂ ዘመድም ብርቱካኑን አስቀምጦ ይለዋል። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ ይበቅላል። ችግሩ የሚነገረው ለማጽናናት ሳይሆን ወሬውን ለመዝጋት መሆኑ ነው። ሐኪሙ የዘጋውን ወሬ ደግሞ ሌላ ሰው ይከፍተዋል። ያ ሰው ዘይት ሻጩ ነው።

«ስለ ውበት ልትሰብከን ነው?» የምትሉ ካላችሁ ታገሡኝ። የማወራው ስለ ሕይወት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ በካንሰር ይያዛሉ። ከ16 ሺህ የሚበልጠው የጡት ካንሰር ነው። ለጡት ካንሰር በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ውስጥ ዶክሶሩቢሲን፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ፓክሊታክሰል ይገኛሉ። ሦስቱም ፀጉር ያረግፋሉ።

ምክንያቱ የተወሳሰበ አይደለም። ኬሞቴራፒ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ያጠቃል። ካንሰሩ ቶሎ ይባዛል፣ የፀጉር ሥርም ቶሎ ይባዛል፣ መድኃኒቱ ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሩ በእፍኝ እየወጣ ትራስ ላይ ይቀራል። ቅንድብና ሽፋሽፍትም ሊከተሉ ይችላሉ። ኬሞው ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ ጫጩት ላባ ያለ ለስላሳ ፀጉር ብቅ ይላል፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ራስን ይሸፍናል። የድሮው ላይሆን ግን ይችላል። ለስላሳ የነበረው ተጠቅልሎ፣ ጥቁር የነበረው ሽበት ቀላቅሎ ሊመጣ ይችላል። በጥቂት ሰዎች ላይ፣ በተለይ ዶሴታክሰል ከወሰዱት መካከል፣ እንደ ቀድሞው ሳይሞላ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ሁሉም ኬሞ ፀጉር አያረግፍም። ጨረር ደግሞ ያረፈበትን ቦታ ብቻ ነው የሚነካው፤ ጡቷ ላይ ጨረር የምትወስድ ሴት በጨረሩ ምክንያት የራስ ፀጉሯን አታጣም።

ይህን አንብባችሁ ለመጨረስ ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ? ስንት ታማሚ ይህን ሳይነገራት መድኃኒቱን እንደምትጀምር ግን በየሕክምና ማዕከሉ በር ቆማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ እኛ ወደ ማኅበረሰቡ እንምጣ። በእኛ አገር የተላጨ የሴት ራስ ዝም አይልም፣ ይናገራል። ሴት ሐዘን ሲደርስባት ፀጉሯን ትላጭ በነበረበት አገር፣ ራሰ በራ የሆነችን ሴት ያየ ሁሉ «ማን ሞተባት?» ይላል። ቆብ ብታደርግ «መነኮሰች እንዴ?» ይላል። ከስታ ካያት ደግሞ ሌላ በሽታ ስም ሰጥቶ በሹክሹክታ ያስተላልፋል። ሹሩባ የበዓል፣ የሠርግና የልጅነት ምልክት በሆነበት አገር ፀጉር «ፀጉር ብቻ» ሆኖ አያውቅም። ታዲያ እናንተ ራሳችሁ ያን ሁሉ ትርጉም የጫናችሁበትን ነገር ስታጣ «ምን አለበት?» የምትሏት በየትኛው አፋችሁ ነው?

ውጤቱ ደግሞ ከእንባ ያልፋል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የታተመና እስከ ዛሬ ተደጋግሞ የሚጠቀስ የውጭ ጽሑፍ እንደሚለው፣ ከሴት ታማሚዎች 8 በመቶ የሚሆኑት ፀጉራቸው እንዳይረግፍ በመፍራት ኬሞቴራፒን እምቢ እስከ ማለት ይደርሳሉ። ይህ መረጃ ባለበት አገር ነው። ማንም በማያስረዳበት አገር ፍርሃቱ ምን እንደሚያደርግ ገምቱት።

ይህ ፍርሃት የሚመገበው ከሁለት ውሸቶች ነው።

አንደኛው «ፀጉሯ ከረገፈ አለቀላት» የሚለው ነው። የፀጉር መርገፍ የመድኃኒቱ ሥራ ነው፤ በሽታው መባሱን አይናገርም። ጎረቤት ግን ራሷን አይቶ ይፈርዳል። «ኬሞው ነው የሚገድላት፣ አስቁሟት» ይላል። ሴትየዋም በሦስተኛው ዙር ላይ ቀጠሮዋን ትተዋለች።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው፦ «ፀጉሯ ከበቀለ ዳነች!» እስቲ አስቡት። ኬሞውን በመሃል አቋርጣ ወደ ቅጠል በጣሽ ሄደች። ሁለት ወር ቆይቶ ፀጉሯ በቀለ። ቤተሰቡ እልል አለ፣ ቅጠል በጣሹ ቪዲዮ ቀርፆ ለቀቀ፣ ሺህ ሰው ሼር አደረገ። ፀጉሩ የበቀለው ግን መድኃኒቱ ስለቆመ ብቻ ነው። የፀጉር ሥሩን ማጥቃት ሲተው ካንሰሩንም ማጥቃት ትቷል! ፀጉሯ እያማረ ሲሄድ ዕጢው ውስጥ ውስጡን ያድጋል። ወደ ሐኪም ስትመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ፀጉር የመዳን ምስክር አይደለም። ምስክሩ ምርመራ ነው።

እምነት ያለው ሰው ፀበሉን ይጠመቅ፣ ዱዓውን ያድርግ፤ በዚያ ላይ ቃል የለኝም። ቃል ያለኝ «መድኃኒትሽን ጣይ» ከሚለው ሰው ጋር ነው።

በየቲክቶኩና በየቴሌግራሙ «ከኬሞ በኋላ ፀጉር በ15 ቀን» እያላችሁ ዘይት የምትሸጡትም ስሙ። ንግዳችሁ ጎህ ሲቀድ የጮኸ ዶሮ ፀሐይን አወጣሁ እንደሚለው ነው። ጉሎ ዘይት ቀባችው፣ ሽንኩርት ጨመቀችበት፣ የጥብስ ቅጠል ቀቀለች፣ ወይም ምንም አላደረገችም፤ የአብዛኛዎቹ ፀጉር ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። እናንተ የተፈጥሮን ሥራ በብር ትሸጣላችሁ። የቆሰለ የራስ ቆዳ ላይ የሚያቃጥል ነገር ማፍሰስ ደግሞ ጉዳት አለው።

የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ በነበረበት፣ ሰው መድኃኒት ፍለጋ በሚንከራተትበት አገር ስለ ፀጉር ማውራት ቅንጦት ነው» ይባላል። የምጠይቀው ማሽን ቢሆን ኖሮ እውነት ነበራችሁ። በውጭ አገር ራስን የሚያቀዘቅዝ ቆብ አለ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ ቆቡን ካደረጉ 95 የጡት ካንሰር ታማሚዎች የ48ቱ ፀጉር ተርፏል፤ ካላደረጉት 47ቱ የአንዷም አልተረፈም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ እህቶች የመጀመሪያው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ጠይቁ፤ ከጀመራችሁ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ለአገር ቤት ግን ከቆቡ በፊት መድኃኒቱ ይቅደም እላለሁ። የምጠይቀው ገንዘብ የማያስወጣውን ነው።

1. ሐኪሞች፦ ከመጀመሪያው ዙር በፊት አሥር ደቂቃ ስጡ። የትኛው መድኃኒት ያረግፋል፣ መቼ ይረግፋል፣ መቼ ይመለሳል፣ ሲመለስ ምን ማለት አይደለም። ሰልፉ ረጅም ከሆነ በአንድ ገጽ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

2. አሠሪዎች፦ ሻሽ ያሰረችን ሠራተኛ «ደንበኛ ፊት አትቅረቢ» ማለት ይቁም። በሽታው ያልከለከላትን ሥራ እናንተ አትከልክሏት።

3. ጠያቂዎች፦ ራሷን አትዩ፣ ዓይኗን እዩ። «ይበቅላል» ከማለት «ቀጠሮሽ መቼ ነው? እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» በሉ። የታክሲ ትከፍሉላታላችሁ ወይ ልጆቿን ትይዙላታላችሁ።

4. ባሎችና ወንድሞች፦ መላጨት ከፈለገች መቀሱን እናንተ ያዙ። ዊግ ከፈለገች ዊጉን ግዙ። ራሷን ገልጣ መሄድ ከፈለገች አብራችሁ ሂዱ። ምርጫው የእሷ ነው።

5. የቻናል ባለቤቶች፦ የዘይትና የ«ካንሰር ፈዋሽ» ማስታወቂያ ገንዘብ አትቀበሉ። ከዚያ ብር ጋር የአንዲት እናት የቀረ ቀጠሮ አብሮ ይመጣል።

የኬሞ ታማሚ ፀጉር ሲረግፍ ያረገፈው መድኃኒቱ ነው፣ በሽታው አይደለም። ያን ራስ መንገድ ላይ ስታዩ የምትሞት ሴት አያችሁ ማለት አይደለም። ለመኖር የወሰነችና በቀጠሮዋ የተገኘች ሴት አያችሁ። እሷን የሚያስፈልጋት ከንፈር መምጠጥ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ዙር የሚያደርሳት ሰው ነው።

ይህን ጽሑፍ ኬሞ ልትጀምር ለተዘጋጀች አንዲት ሴትና አብሯት ለሚሄደው ሰው አድርሱልኝ።

ቸር እንሰንብት!