ጀናዛውን ስንሸኝ ስሙንም አንቅበር



ከኡሑድ ዘመቻ በኋላ የአነስ ኢብኑ ነድር (ረ.ዐ) አስከሬን ሲገኝ ከ80 በላይ የጎራዴ፣ የጦርና የቀስት ቁስል ነበረበት። ሰው ሊለየው አልቻለም። በመጨረሻ የለየችው እህቱ ናት፤ ያውም በጣቱ ጫፍ። ቡኻሪ ዘግበውታል።

ይህን ታሪክ ስናወሳ ስለ ጀግንነቱ እንናገራለን፤ እህቱ ያደረገችውን ግን እናልፈዋለን። እሷ ባትኖር ኖሮ ወንድሟ ስም የሌለው ሟች ይሆን ነበር።

የኛ ቡሬ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ እዚህ ይገናኛሉ። ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛው በከተማችን ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ መታወቂያም ስልክም ሳይገኝበት ቢሞት ምን እናደርጋለን? ሕዝባችን ደግ ነውና ከፈን ያዋጣል፣ ይሰግድበታል፣ ይቀብረዋል። «ጀናዛን ማፋጠን ሱና ነው» እንላለን። ትክክል ነው። ነገር ግን ማፋጠን ማለት ማንነቱን ሳይመዘግቡ አፈር ማልበስ አይደለም። ደግሞስ ስሙ ካልታወቀ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ሶላተል ጀናዛ ይሰገድበት ወይስ ፍትሐት ይደረግለት በምን እናውቃለን?

ስም የሌለው ሞት በሕይወት ያሉትንም ያስራል። ባሏ የጠፋባት ሴት ሚስት ናት ወይስ ባሏ የሞተባት? ዑመር (ረ.ዐ) እንዲህ ላለችው ሴት 4 ዓመት እንድትጠብቅ፣ ከዚያም የ4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ እንድትቆጥር ፈርደዋል። ከዚያ የረዘመ ጊዜ የሚሉ ዑለሞችም አሉ። እስከዚያ ውርሱ አይከፈልም፣ ልጆቹም የቲም ይሁኑ አይሁኑ አይታወቅም። እኛ በአንድ ሰዓት ልንመዘግበው የምንችለው ነገር ለአንዲት እህት የዓመታት እስር ይሆናል።

ሁለት አደጋዎችን እናስተያይ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎች ሞቱ። አስከሬናቸው እንዳልነበረ ቢሆንም የተሳፋሪዎቹ ስም ዝርዝር ነበር፤ ከቤተሰብ ዲኤንኤ ተወስዶ የመለየት ሥራ ተሠራ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ደግሞ በየመን አብየን የባሕር ዳርቻ ከ150 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ኢትዮጵያውያንን፣ የጫነች ጀልባ ሰጠመች። ከ60 በላይ ሞቱ። የዚህች ጀልባ የተሳፋሪ ዝርዝር የለም። ዛሬም «ልጄ በሕይወት ይኖር ይሆን?» እያለች ስልክ የምትጠብቅ እናት አለች። ሁለቱም የሰው ልጆች ናቸው፤ ልዩነቱ የአንደኛው ስም መጻፉ ነው።

ታዲያ ከኛ ምን ይጠበቃል?

ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሞቶ ስናገኝ ከመታጠቡ በፊት ለፖሊስ እናሳውቅ። ፊቱ፣ ልብሱ፣ ጠባሳው፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ይመዝገብ። ሲም ካርዱም ቢሆን አይጣል። ለብቻው ይቀበር፤ መቃብሩ ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥሩም በፖሊስም በመስጂዱም መዝገብ ይጻፍ። ቤተሰብ ከ10 ዓመት በኋላ ቢመጣ «እዚህ ነው» የምንልበት ይኑረን።

ፎቶው ግን ለመዝገብ እንጂ ለፌስቡክና ለቲክቶክ አይደለም! «የምታውቁት ካላችሁ ሼር አድርጉ» እያሉ የደማ ፊት መለጠፍ ሟቹን ማዋረድ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የመይትን ነውር የሸፈነን ሰው ምሕረት እንደሚያገኝ አብስረዋል። ልብሱንና ምልክቱን በጽሑፍ መግለጽ ይበቃል።

በራሳችንም እንጀምር። ከቤት ስንወጣ ስማችን፣ የአባታችን ስም፣ ቀበሌያችንና የአንድ ቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ኪሳችን ውስጥ ይኑር። ስልካችን ሲቆለፍ ማንም አይከፍተውም፤ ወረቀት ግን ይነበባል።

መስጂድ ትጠርግ የነበረችው ሴት ሞታ በሌሊት በተቀበረች ጊዜ ሶሐቦች ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) መቀስቀስ አልፈለጉም። እሳቸው ግን የት እንደሄደች ጠየቁ፣ ለምን እንዳልነገሯቸው ወቀሱ፣ መቃብሯን አሳዩኝ ብለው ሄደው ሰገዱባት። ሰዎች ነገሯን አቅልለውት ነበር፤ እሳቸው አላቀለሉትም። መቃብሯ ባይታወቅ ኖሮ ወዴት ይወሰዱ ነበር?

የሟቾቻችንን ክብር የምንጠብቅ፣ የጠፉብንን ለቤተሰባቸው የምናደርስ አላህ ያድርገን። አሚን!