ጠባችን የጋላፊን ድንበር አይሻገር

በጅቡቲ ባልባላ አብራችሁኝ ያረጃችሁ ኢትዮጵያውያን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። ወጣቱ የሚያደርገው ያየውን ነው፤ የሚያየው ደግሞ እኛን ነው።

ሰሞኑን ለቅሶ ላይ የሆነውን እናንተም አይታችኋል። ሟቿ በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የኖረች ልጅ ናት። ድንኳኑ ውስጥ አማራው ለብቻው፣ ኦሮሞው ለብቻው፣ ትግራዋዩም በበሩ በኩል ለብቻው ተቀመጠ። አስከሬኗን ወደ አገሯ ለመላክ መዋጮ ሲጠየቅ አንድ ጎልማሳ «ለመሆኑ የማን ወገን ናት?» አለ። ልቆጣው ብነሳ «ይተዉት፣ ዘመኑ ነው» ብላችሁ እጄን ይዛችሁ አስቀመጣችሁኝ። ዕድሩም ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ሁለት ሆኗል።

እኔ ግን አልተወውም፤ ያለንበትን አገር አውቀዋለሁና።

ይህች ባልባላ ከአጥር ውጭ የተወለደች ሰፈር ናት። በ1966 (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. እቆጥራለሁ) የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል ሲመጣ ሕዝቡ ነፃነት ብሎ ቢጮህ፣ ፈረንሳዮች ጅቡቲ ከተማን በእሾህ ሽቦ አጠሯት። መግባት የተከለከለው ድሃ ከሽቦው ወዲህ በጣውላና በቆርቆሮ ጎጆ ቀለሰ። በ1977 ነፃነት ሲመጣም አፋርና ኢሳ በአንድ አገር መኖርን ገና መማር ነበረባቸው። ፕሬዚዳንቱ ከኢሳ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከአፋር እንዲሆን ልማድ አደረጉ። እንዲያም ሆኖ በ1991 ጦርነት ተነሳ፤ የመጨረሻው ስምምነት የተፈረመው በ2001 ነው። ጅቡቲያውያን የዘር ጠብ ምን እንደሚያስከፍል ከፍለው ነው ያወቁት።

ዋራባሌይን ረሳችሁትን? በሐምሌ 2021 አገራችን ውስጥ ጋርባ ኢሳ በተባለ ቦታ አፋርና ኢሳ ሶማሌ ተጋጩ። ብዙም ሳይቆይ፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ እዚሁ ዋራባሌ ሰፈር ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሳ፤ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። ያ ከኢትዮጵያ የመጣ ጠብ ነበር። ቤታቸው የነደደባቸው መታወቂያ ያላቸው የአገሩ ልጆች ናቸው። እነሱን ያላዳነ፣ መታወቂያ የሌለውን የእኛን ሰው ምን ያድነዋል?

በ2003 የሆነውንም በዓይናችን አይተናል። መንግሥት ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው ሁሉ ይውጣ ብሎ ቀን ቆረጠ። ቀኑ ከነሐሴ መጨረሻ ወደ መስከረም አጋማሽ ተገፋ እንጂ አልቀረም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ። የወሎ ልጅ ነህ፣ የሐረርጌ ነህ ብሎ የለየ አልነበረም፤ የተጠየቀው ወረቀት ብቻ ነው። በ2025ም ተመሳሳይ ቀነ ገደብ መጥቶ ስንቱን አሸማቆ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ወደቡ የሚኖረው በእኛ ጭነት ነው፣ አይነኩንም» ትላላችሁ። እርግጥ ነው፣ ከአገራችን የውጭ ንግድ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው በዚህ ያልፋል። መብራቱም ከ2011 ጀምሮ፣ ውሃውም ከሐዳጋላ በቧንቧ ከእኛ ይመጣል። ነገር ግን ኮንቴይነሩ ሰነድ አለው፤ ወደቡ በር ላይ ቆሞ የቀን ሥራ የሚጠብቀው ልጅ የለውም። የሁለት መንግሥታት ውል ለእሱ አልተጻፈም።

ደግሞ የጊዜውን ጠባይ ተመልከቱ። ይህ አገር ከነፃነት ወዲህ ያየው ሁለት ፕሬዚዳንት ብቻ ነው። እስማኤል ኦማር ጌሌ ከ1999 ጀምሮ አሉ፤ በ2010 የምርጫ ዘመን ገደቡ ተነሳ፣ በ2025 ደግሞ ፓርላማው የሰባ አምስት ዓመቱን የዕድሜ ጣሪያ አነሳ። ከእሳቸው በኋላስ የሚለውን ጥያቄ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። የባልባላ ወጣት ሥራ የለውም፣ የቤት ኪራይና የውሃ ወጪ ጉልበቱን ጨርሶታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ብስጭት መውጫ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያርፈው መጤ ላይ ነው። ያን ቀን ተከፋፍለን ከቆየን፣ ኤምባሲያችን ደጃፍም ሆነ ፖሊስ ጣቢያ ስለ ሁሉም የሚናገር ሽማግሌ አይገኝም። አንዱ የሌላውን ሰው አሳልፎ እንዲሰጥም የሚጠይቅ አይጠፋም። ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው።

ስለዚህ ዓርብ ጠዋት፣ ጫት ከመምጣቱ በፊት፣ ጸሐፊዎቹ ሁለቱንም መዝገብ ይዘው ይቅረቡ። ስም በስም ወደ አንድ ይገልበጥ፤ በብሔር የተሰበሰበውም ገንዘብ ወደ አንድ ሣጥን ይግባ። ወረቀት የሌለው ሰው ስሙ ጎን ምልክት ይደረግበትና እሑድ ከየወገኑ የተውጣጣን ሽማግሎች ወረቀት እንዲሰጣቸው ለመጠየቅ ዝርዝሩን ይዘን አብረን ኤምባሲ እንሄዳለን። የልጅቷም አስከሬን በዚያው ሳጥን ገንዘብ ይላክ።