የጨቅላው ቢጫነት በብርሃን ይታይ

በገጠሩ አካባቢ የአራስ ቤት በር ተጋርዶ፣ እናትና ልጅ ከነፋስና ከሰው ዐይን ተከልለው መሰንበታቸው የቆየ ልማድ ነው። እናቲቱ አርፋ እንድትታረስ መደረጉ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በጨለማው ጓዳ ውስጥ ማንም ሳያየው የሚባባስ አንድ ሕመም አለ። ይኸውም ጨቅላ ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆዳቸውንና የዐይናቸውን ነጭ ቢጫ የሚያደርገው፣ በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለው ነው።

ሕመሙ ከወፍ ጋር አንዳችም ግንኙነት የለውም። ሕፃኑ እንደተወለደ በሰውነቱ ያለው ትርፍ ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ነገር ይወጣል። ይህን አጣርቶ ከዐይነ ምድር ጋር የሚያስወግደው ጉበት ገና ስላልጠነከረ ቢጫው በሰውነት ይከማቻል። በመሆኑም ወራቸውን ጨርሰው ከተወለዱ 10 ሕፃናት 6ቱ ያህል፣ ያለ ወራቸው ከተወለዱት ደግሞ 8ቱ ያህል በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። የአብዛኞቹ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

አደጋው ከዚህ ልክ ሲያልፍ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ቢጫነቱ መዳፉንና ውስጥ እግሩን ከያዘ፣ እስከ 14 ቀን ካልለቀቀው፣ ጡት አልይዝ ካለ፣ ከዛለ ወይም ካተኮሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። የእናትና የልጅ ደም አለመጣጣም ወይም ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላልና። ቢሊሩቢኑ በዝቶ አንጎል ከገባ ሕፃኑን ይገድላል፤ ቢተርፍም መስማት የማይችል ወይም እጅ እግሩ የማይታዘዝለት ሊያደርገው ይችላል። ይህ ጉዳት አንዴ ከደረሰ መመለሻ የለውም።

በጊዜ ለደረሰ ሕፃን ግን ሕክምናው አለ። በሆስፒታል ሰማያዊ ብርሃን በሚሰጥ መብራት ሥር ይተኛል፤ ከጠናበትም ደሙ ይለወጥለታል። የፀሐይ ብርሃን ቢጫነትን እንደሚቀንስ የእንግሊዝ ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 አስታውቀዋል፤ የዛሬው መብራትም መነሻው ይኸው ነው። ስለዚህ ሕፃኑን ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁ እናቶች ያለ ምክንያት አላደረጉትም። ዳሩ ግን ራቁቱን ፀሐይ ላይ የዋለ ጨቅላ ወይ ይበርደዋል ወይ ይቃጠላል። ብርቱው ቢጫነትም በዚህ አይድንም፤ የሚያልፈው ቀን ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው ቅጠል ጨምቆ ማጠጣት፣ ቅቤ ማዋጥና እንገርን አልቦ መድፋት ነው። እንገር የሕፃኑን ሆድ አጥርቶ ቢጫው እንዲወጣ ይረዳል። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚጠባ ሕፃን ቢጫው ቶሎ ይለቀዋል።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ መሪዎች ድርሻ ምንድን ነው? ሐኪም እንዲሆኑ የሚጠብቅባቸው የለም። የሚጠበቅባቸው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየስብሰባው ለአባወራዎች ማስረዳት ነው። የአራስ ቤት በር በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ይከፈት፤ ሕፃኑ በቀን ብርሃን ይታይ፤ ግንባሩ በጣት ቀስ ተደርጎ ተጭኖ ሲለቀቅ ቆዳው ቢጫ መሆን አለመሆኑ ይለያል። ሁለተኛ፣ በቤት የተወለደ ሕፃን ሁሉ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንዲነገርና በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን እንዲጎበኝ መከታተል ነው። ሦስተኛ፣ መንገዱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ወሳንሳው የት እንዳለ፣ ተሸካሚዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ የአምቡላንሱ ስልክ በማን እጅ እንደሚገኝ፣ እድሩ ለጉዞ ምን ያህል ሊያበድር እንደሚችል ምጥ ሳይመጣ መታወቅ ይገባዋል።

አባት ገንዘብ እስኪፈልግ፣ ጎረቤት እስኪሰበሰብ የሚያልፈው አንድ ሌሊት ለዚህ ሕፃን ዕድሜ ልክ ነው። የቀበሌው ዝግጅት ያን ሌሊት ማሳጠር አለበት።